እጅ የማይገባበት ዕጣ

ጎንደር፣ አዲስ ዓለም
ጥር 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለጀማሉ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ

የአላህ ሰላም በአንተም በሱቅህም ላይ ይሁን። እኛ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት፤ ትናንት መጥታ አብረን ውለናል።

ይህን የምጽፍልህ ስለ ልጄ ስለ ኢሀብ ነው። ከመስከረም ወዲህ አልደወለም። የሰሊጥ አጨዳ ይዞት ነው ብዬ ታገሥኩ፣ አጨዳው አለቀ። ማሽላ ይዞት ነው ብዬ ታገሥኩ፣ እሱም እያለቀ ነው አሉ። አንተ ገበያ መሀል የስልክ ሱቅ ይዘህ የአክስትህ ልጅ የት እንዳለ ካላወቅህ ማን ሊያውቅልኝ ነው? ፈልገህ ያዝልኝ። የመሳፈሪያ ስጠው፣ እኔ እዚህ ለእናትህ እከፍላለሁ።

ደውዪ እንዳትለኝ። በስልክ የተባለ ነገር ምስክር የለውም፤ ቤት ሙሉ ሰውም ጆሮውን አቁሞ ይሰማኛል። አንተም ጻፍልኝ። ሹፌሩ አደም ሽንኩርት ጭኖ በየሳምንቱ ይመላለሳል፣ እሱ ያደርስልናል።

ደግሞ በስልክ ዕጣ ታወጣለህ የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። ምንድን ነው እሱ? ባለቤቴ በሕይወት ሳለ፣ ኢሀብን እዚያው ገዳሪፍ ወልጄ ሳሳድግ፣ የሴቶቹን ዕቁብ በዳኝነት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እዚህም እስከ ዛሬ የያዝኩት እኔ ነኝ። ስለ ዕጣ ብትነግረኝ አይከብደኝም።

አክስትህ ሰውዳ


ገዳሪፍ
የካቲት 18 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለእትዬ ሰውዳ

ሰላምታዬ ከዚህ ከሚያነደው አገር ይድረስዎ። ለጉልበትዎ ቅባት ልኬያለሁ፣ ማታ ማታ ይታሻል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ጠዋት የዳቦ ሰልፍ፣ ከሰዓት የባንክ ሰልፍ፣ ሌላ የጎደለብን የለም።

ኢሀብን አገኘሁት። ሀዋታ በሚባል አገር ማሽላ ሲቆርጥ ከርሞ ገዳሪፍ ገብቷል። ዘማርያም ከሚባል የአርማጭሆ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። ጠቁሯል፣ ከስቷል፣ ሳቁ ግን ያው ነው። «እናትህ ትፈልግሃለች» ስለው «ወላሂ እደውላለሁ» አለኝ። መሳፈሪያውን ሰጥቼው ነበር፤ «ባዶ እጄን አልገባም» ብሎ መለሰልኝ።

ስለ ዕጣው የሰሙት እውነት ነው፣ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም። እዚህ ባንክ ያስቀመጡትን ገንዘብ መልሶ አይሰጥም። የአገሩ ገንዘብ ደግሞ ጠዋት የያዙት ማታ ያንሳል። ዕቁብ እንሞክር ስንል አንዱ ሰብሳቢ ይዞ ካርቱም ጠፋ። ሌላው ለሚስቱ ወንድም አወጣ ተባለና ሰው ሊተላለቅ ነበር። ስለዚህ እጅ የማይገባበት ዕጣ አሰብኩ።

ገንዘቡ ቢትኮይን ነው፤ በስልክ የሚላክ፣ የትኛውም መንግሥት ያላተመው ገንዘብ። ሁሉም የከፈለው አንድ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ሣጥኑን ስልክ ያለው ሁሉ ያየዋል። ሦስት ቁልፍ አለው። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ የልብስ ነጋዴዋ ኢንቲሳር ጋ፣ አንዱ የቀን ሠራተኞቹ አለቃ ጋረደው ጋ ነው። ከሦስታችን ሁለታችን ካልተስማማን አይከፈትም። ከዜሮ እስከ ዘጠና ዘጠኝ ያለው በጠቅላላ መቶ ቁጥር ነው፣ ሰው አንድ አንድ ይይዛል። በየአገሩ ያሉ ኮምፒውተሮች ይህን ገንዘብ ሲመዘግቡ በየጊዜው ፊደል የተቀላቀለበት አንድ ረጅም ቁጥር ይወጣል፤ አስቀድሞ የሚያውቀው የለም፣ ከወጣ በኋላም የሚለውጠው የለም። የትኛውን እንደምንወስድ ቀደም ብለን ሱቄ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ባለዕጣውን ይለያሉ።

የእርስዎው ዕቁብ ነው፣ እትዬ። ከውስጡ የወጣው የሰው እጅ ብቻ ነው።

እጅዎን ስሜ፣ ጀማሉ


ጎንደር
መጋቢት 3 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለጀማሉ

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ። ቅባትህ ያቃጥላል እንጂ አያሽርም፤ ቢሆንም ስላሰብክልኝ ተባረክ።

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያልጻፍክልኝ ነገር አለ። ዕጣ የወጣለት ሰው በሚቀጥለው ወር ይከፍላል ወይ? ያልወጣለትስ ተራው ይደርሰዋል ወይ? ዕቁብ ማለት ሁሉም የሚወስድበት ነው፣ ዕጣው የሚለየው ማን እንደሚቀድም ብቻ ነው። አንዱ ወስዶ ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን ከሄዱ ስሙ ቁማር ነው። ሣጥንህ ሦስት ቁልፍ ሳይሆን መቶ ቢኖረውም ቁማር ነው። ረስተኸው ነው ያልጻፍከው ብዬ ላምን ፈለግሁ፣ አልሆነልኝም።

ሌላም ልጠይቅህ። እኛ ዘንድ ልጇ የታመመባት ሴት ስትመጣ ዕጣው ይቆማል። ሴቶቹ ራሳቸው «ትውሰድ» ይላሉ፣ ትወስዳለች። ያንተ ኮምፒውተር «ትውሰድ» ማለት ያውቃል?

ኢሀብ አልደወለም። ባዶ እጄን አልገባም ማለቱስ ምን ማለት ነው? ለመሆኑ እጁን ማን ጠየቀው? ቁርጡን ንገረኝ።

ሰውዳ


ገዳሪፍ
ሚያዝያ 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰውዳ

ሰላም ለእርስዎና ለቤቱ ሁሉ፤ የሚመጣውን ረመዷን በሰላም ያድርስልን። የቆየሁት በአገሩ ሁኔታ ነው። መንግሥት ተለወጠ፣ ሰው ሁሉ አደባባይ ነው፣ መኪናም አንድ ቀን ያልፋል አንድ ቀን አያልፍም። እንዲህ ብል ያምኑኛል። እውነቱን ለመናገር ግን የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው።

ቁማር ያሉት ቃል አስቀይሞኛል። መጀመሪያ ዕቁብ ነበር። ነገር ግን የቀን ሠራተኛ ዕቁብ አይጠብቅም። ዛሬ ዶካ ነው፣ ነገ ገላባት፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም። ከፍለው የጠፉት በዙ። ስለዚህ እያንዳንዱን ዙር ለብቻው አደረግሁት፤ አንዱ ይወስዳል፣ ሌሎቹ አይወስዱም። ይህን ሲመዘገቡ ለሁሉም በቃሌ እነግራቸዋለሁ። ስሙን እርስዎ ይስጡት፣ ያታለልኩት ሰው ግን የለም።

ስለ ኢሀብ ቁርጡን ጠይቀውኛል። ሠላሳ ሰባት ቁጥርን ይዟል። ዕጣው ቢደርሰው፣ የራሱን ክፍያ ካጠራቀመው ከዘማርያም ጋር በደላላ ሊቢያ ሊሄድ ነው። ደላላው ከዒድ በኋላ ይነሳል፣ ዕጣውም ሰኔ 1 ቀን ይወጣል። ሙዳሲር የሚባል ነጋዴ ቢትኮይኑን ወስዶ ለባለዕጣው በዚያው ቀን ጥሬ ገንዘብ ሊሰጥ ተስማምቷል። ካልደረሰው አይሄድም፣ ለደላላው የሚከፍለው የለውም።

ይህን ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው።

ጀማሉ


ጎንደር
ግንቦት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.

ጀማሉ፣

ሰላምታው ይቆየን። ስሙን ሰርዝልኝ። ገንዘቡን መልስለት፣ ቁጥሩን ለሌላ ስጠው። ይህ የማይሆን ከሆነ እንዳይደርሰው አድርግ። አንተ የሠራኸውን ነገር አንተ ታውቅበታለህ።

በዚህ መንገድ ስንቱ እንደቀረ ታውቃለህ። የጎረቤቴ ልጅ በረሃ ላይ ቀርቶ፣ እናቱ ሞተ የሚላት ሰው አጥታ ለቅሶ እንኳ አልተቀመጠችም። እኔ ሌላ ልጅ የለኝም። ሴት ሁሉ እየለመነኝ፣ የገዛ እህቴ ሳትቀር እየለመነችኝ፣ ዕጣ አዛብቼ አላውቅም። ዛሬ ግን እኔ እለምንሃለሁ። የጆሮ ወርቄ አለ፣ ለአደም ሰጥቼ እልክልሃለሁ።

አደም ነገ ይነሳል። መልሱን በዚያው ይዞልኝ ይምጣ።

ሰውዳ


ገዳሪፍ
ግንቦት 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰውዳ

ጾሙን ያቅልልዎ። ወርቅዎን ያስቀምጡት። አደም መልስ ሳይዝ የተመለሰው ጽፌ እየቀደድኩ ነው።

እሱ ራሱ ካልጠየቀ ስሙ አይሰረዝም፣ ደንቡ ይኸው ነው። ጠየቅሁት። «እናቴ ናት አይደል የላከችህ» አለና ስቆ ወጣ። ቁጥሩንስ ላዛባ ብል አልችልም። ብችል ኖሮ ጋረደው በፀሐይ ተቃጥሎ ያገኘውን አምጥቶ አይሰጠኝም ነበር። ይህን ሁሉ የለፋሁት እንደ እርስዎ ያለ ሰው መጥቶ በእንባ ሲለምነኝ እንኳ ምንም ማድረግ እንዳልችል ብዬ ነው። እርስዎ ይመጣሉ ብዬ ግን አላሰብኩም።

አዝናለሁ፣ እትዬ። መቶ ቁጥር ነው፣ የእሱ አንዱ ነው። ዱዓ ያድርጉ።

ጀማሉ


ገዳሪፍ
ግንቦት 28 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰውዳ

ዒዱን በደስታ አውለውት ከሆነ ደስ ይለኛል፤ እኛ አልዋልነውም። ካርቱም ወታደር በሰልፈኛው ላይ ያደረሰውን ሰምተዋል። ከሰኞ ጀምሮ በአገሩ ሁሉ ኔት ተቆርጧል። ዕጣው ቅዳሜ ነው፣ ቁጥሩን የሚያይ ስልክ ግን እዚህ አንድም የለም።

ሰው ሱቄ ደጅ ተኮልኩሎ ይውላል። ቆይተን እንየው ብል «ትበላዋለህ» አሉኝ። ከኢትዮጵያ አስደውዬ ልንገራችሁ ብል «በስልክ የተነገረ ቁጥር አንቀበልም፣ የታወቀ ሰው ጽፎ ይፈርም» አሉ። ማን ይጻፍ ሲባል ምግብ ቤት ያላት በለጠች «ሰውዳ ትጻፍ፣ እሷ ዳኛ ሳለች አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም» አለች። የሚያውቁዎት ሁሉ እሺ አሉ። ኢሀብ ልጅዎ መሆኑን በዚያ ግርግር ያነሳ የለም። እኔም አላነሳሁም።

እንግዲህ እንዲህ ያድርጉ። ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራው ጎረቤትዎ ማኅደር ዘንድ ይሂዱ። የምትከፍተውን ገጽ በሌላ ወረቀት ጽፌ አያይዣለሁ። ረጅሙን ቁጥር ስታገኝ ፊደሎቹን ዘልላ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ታንብብልዎ። ገጹንም አትማ ትስጥዎት። ቁጥሩን እርስዎ ይጻፉ፣ ከሥር ማኅደርና የመስጊዱ ኢማም ይፈርሙበት። እርስዎ ብቻዎን እንዳይሆኑ አደራ።

የጠየቁኝን እንቢ ብዬ ዛሬ መልሼ እርስዎን ስለምን አፍራለሁ።

ጀማሉ


ጎንደር
ሰኔ 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

በገዳሪፍ ላላችሁ ባለዕጣዎች ሁሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ትናንት ሰኔ 1 ቀን የወጣው ቁጥር ሠላሳ ሰባት ነው። በዓይኔ አይቼ በእጄ ጽፌያለሁ።

ሰውዳ


ገዳሪፍ
ሰኔ 10 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰውዳ

ሰላም ይብዛልዎ፤ ለእኔ ግን ሰላም የለም።

ሱቄ ደጅ ቆሜ አነበብኩት። ጋረደው «ሠላሳ ሰባት የማን ነው?» አለ። ኢሀብ እጁን አነሳ። አንዱ ከኋላ «የሰውዳ ልጅ አይደለም እንዴ?» አለ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላውቅም። «እናት ለልጇ ጻፈች፣ ኸላስ፣ አለቀ» ይላሉ። «ሌላ ፊርማ የት አለ?» ይላሉ። ሙዳሲር ያወጣውን ገንዘብ መልሶ ኪሱ ከተተና «ኔት ሲመጣ በዓይኔ አይቼ እሰጣለሁ» ብሎ ሄደ። በለጠች እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም።

ኢሀብ ሰው ሊመታ ነበር፣ ያዝነው። «እናቴ ዋሽታ አታውቅም» አለ። «እንዳልሄድ ሰው ልካ ያስለመነችኝ ሴት ናት። እንድሄድ ብላ ዕጣ ትጽፍልኛለች? ምን ነካችሁ?» አላቸው። የሰማው የለም። ድምፁ እስኪዘጋ ሲሟገትልዎ ዋለ።

ዘማርያም ሁለት ቀን ጠበቀው፣ ደላላው ግን ከዚያ በላይ አልጠበቀም። ትናንት ተነሥተው ሄዱ፣ ኢሀብ ቀረ። አሁን እኔ ሱቅ እየመጣ ስልኩን ያበራል፣ ያጠፋል፣ መልሶ ያበራል።

እትዬ፣ ፊርማዎቹስ? ማኅደር ገጹን አትማ አልሰጠችዎትም? አንድ ተጨማሪ ፊርማ ቢኖር ገንዘቡን በዚያው ቀን ይቀበል ነበር። በግልጽ ነበር የጻፍኩልዎ። የእኔም ስም ገበያ ላይ ወድቋል፣ ሱቄ የሚገባ ሰው የለም። ቶሎ ይመልሱልኝ።

ጀማሉ


ጎንደር
ሰኔ 21 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለጀማሉ

አላህ ልብህን ያሳርፍልህ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ዝናቡ ጠንክሯል፣ የጓሮው አጥር ወድቆ አስጠገንኩት። እዚህም አገሩ ደህና አይደለም፣ ኔትም ተቆርጧል፤ ምክንያቱን ሰምታችኋል።

ቁጥሩ እውነት ነው። ታገሥ፣ ሰዎቹም ይታገሡ።

ኢሀብ የት ይበላል? ክረምት ሲገባ ሳል ይይዘዋል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ነው። ወፍራም ሹራብ ለአደም ሰጥቻለሁ፣ ከእኔ ነው አትበለው፣ አይለብሰውም። የክፍሉን ኪራይ ዘማርያም ከሄደ ብቻውን አይችለውም፣ ክፈልለትና ለእናትህ እሰጣለሁ።

ስለ ፊርማው ጠይቀሃል። ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

ሰውዳ


ገዳሪፍ
ሐምሌ 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእትዬ ሰውዳ

ምስጋና ለአላህ ይሁን፣ ኔት ተመለሰ። ሱቄ እንደገና በሰው ተሞላ። እያንዳንዱ በየስልኩ ከፍቶ አየ፣ አንዱ ላንዱ አሳየ። ሠላሳ ሰባት ነው። ጋረደው ባርኔጣውን አውልቆ «በደልናት» አለ። በለጠች ምሳ ሠርታ ላከችልኝ። ሙዳሲርም ገንዘቡን ለኢሀብ ቆጥሮ ሰጠው። ሰው ከበፊቱ ይልቅ አምኖኛል፣ ቀጣዩን ዙር መቼ ታወጣለህ እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጡኝ። እኔ ግን ደስ አላለኝም፣ ሥራም አልያዝ ብሎኛል።

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልዎ ኢሀብ ራሱ ነው። ምስክር እንዲያስፈርሙ ጽፌልዎ እንደነበር ነገርኩት። ሌላውን ሁሉ ለሰው ገልጬ ይህን ብቻ ብደብቀው ነውር መሰለኝ። ሰማኝና ቦርሳውን አነሳ። «ፊት ለፊት ጠይቄያት እመለሳለሁ» ነው ያለኝ።

ለእኔ ያልመለሱልኝን ለእሱ ይመልሱለት።

ጀማሉ


ጎንደር
ጥቅምት 8 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለጀማሉ

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልህ፤ ቢዘገይም ምርቃቴ ነው። ሳልጽፍልህ ክረምቱ ወጣ።

ኢሀብ የገባ ዕለት ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ጠየቀኝ። «ማኅደር እስክሪብቶ አልነበራትም? ኢማሙ ከቤት ወጥተው ነበር?» አለኝ። ነበራት፣ እሳቸውም ነበሩ። ማኅደር ገጹን አትማ ሰጥታኝ፣ ይዤው እስከ ኢማሙ ደጅ ሄድኩና ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ሌላ ቁጥር ልጽፍ አስቤ ነበር። ሠላሳ ስድስት ብል ማን ያውቃል ብዬ ቁጭ ብያለሁ። አልቻልኩም፤ የሰው ገንዘብ ነው፣ እውነቱን ጻፍኩ። ግን እናት ብቻዋን ለልጇ የፈረመችውን ማንም እንደማይቀበል አውቅ ነበር። ያንን አንተም ታውቃለህ፣ ለዚህ ነው አደራ ያልከኝ። ደላላው እስኪሄድ ይጠራጠሩኝ አልኩ። ስሜን ለሐሜት የሰጠሁት አውቄ ነው፤ ያንተም ስም አብሮ እንደሚሄድ ግን አላሰብኩበትም። ለእሱ ይቅር በለኝ።

ለኢሀብ ይህንኑ ነገርኩት። «በሰው ሁሉ ፊት ተሟግቼልሽ ነበር» አለኝ። አልዋሸሁም አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ አላናገረኝም።

ዘማርያም ባሕሩን ተሻግሮ ጣልያን ገብቷል። ፎቶ ልኮለት ኢሀብ ስልኩን ዓይኔ ሥር አምጥቶ አሳየኝ። ልጁ ጃኬት ለብሶ ቆሞ ይስቃል። አብረውት የተነሡት ሌሎቹስ ብዬ ጠየቅሁ፣ ኢሀብ ስልኩን ዘግቶ ወጣ። እኔም መልሼ አልጠየቅሁም፤ ደርሰዋል ቢለኝም አልደረሱም ቢለኝም አልችለውም ነበር።

የዕቁቡን ዳኝነት ለሌላ ሰጥቻለሁ። ሴቶቹ ለምን ቢሉኝ ዓይኔ ደክሟል አልኳቸው።

የደረሰው ገንዘብ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ነው፣ ቦርሳውም አልተፈታም። ነገ ይሄድ እንደሆነ አላውቅም። ምግቡን ደጃፉ ላይ አስቀምጥለታለሁ፣ ሲጨርስ ሳህኑን እዚያው ይመልሰዋል። ከግድግዳው ማዶ ሲገላበጥ እሰማዋለሁ፣ ሲያስል እሰማዋለሁ። ኩርፊያው ከብዶኛል፣ አልዋሽህም። ይኩረፍ። እዚሁ አጠገቤ ይኩረፍ።

አክስትህ ሰውዳ